የመንዝ ሙታን ዜና መዋዕል፤ ከሞላሌ እስከ ዘረት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ። ይህ የሞላሌና የመላው መንዝ ሙታን ዜና መዋዕል ነው። ዜና መዋዕል ማለት የዘመን ሥራ በየዓመቱና በየንጉሡ ተራ የሚጻፍበት መጽሐፍ ሲሆን፣ የቀድሞ ጸሐፊዎች ነገሥታቱ የት እንደ ሰፈሩ፣ ማንን ድል እንደ ነሡና ማን በምትካቸው እንደ ነገሠ በትጋት ሲጽፉበት፣ ገብስ ዘርቶ፣ በግ አርብቶ፣ ከበጉም ጠጉር ባና የሚባለውን ወፍራም ልብስ ሸምኖ የኖረውን ባላገር ሞት ግን አላነሡትም። እነሆ ይህ የተጻፈው ስለ ባላገሩ ነው፤ ይልቁንም ፍትሐትና መቃብር ሳያገኙ በዘረት ዋሻ ስለቀሩት።

መንዝ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ በሦስት ይከፈላል፤ ከእነዚህም የማማ ምድር ከተማ ሞላሌ፣ ከጣርማ በር ተገንጥሎ በመዘዞ በኩል ወደ መሐል ሜዳ በሚያልፈው መንገድ ላይ ያለች የደጋ ከተማ ናት። በዚህ ምድር ሙታንን ማሰብ የልቅሶ ቤት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የችሎትም ጉዳይ ሆኖ ኖሯል። ርስት የሚባለው የመሬት መብት ከአቅኚ አባት፣ ማለትም መሬቱን አስቀድሞ ከያዘው ሰው፣ በአባትም በእናትም በኩል የሚወርድ ስለ ነበረ፣ ድርሻውን የሚጠይቅ ሰው በሽማግሌና በዳኛ ፊት ቆሞ የሙታኑን ስም ከአባቱ ጀምሮ እስከ አቅኚው ድረስ ሳይስት መቁጠር ነበረበት፤ ስም የጎደለበትም መሬቱ ይጎድልበት ነበር። ሳሩ ለቤት ክዳን የሚታጨደውን የጓሳን ሜዳ እንኳ ቄሮ በሚባለው የጥበቃ ሥርዓት የሚጠቀሙበት የአስቦና የጌራ ተወላጆች ነበሩ፤ እነዚህ ሁለቱ አገሩን ያቀኑ አባቶች እንደ ሆኑ ይነገራል። ሥርዓቱ ብዙ ሙታንን ከመረሳት አድኗል፤ ነገር ግን ልጅ ሳይወልድ ያለፈውን፣ በሰው ቤት አገልግሎ የሞተውን፣ መሬት ለመጠየቅ መብት ያልነበረውን ሁሉ ከቆጠራው ውጭ አስቀርቷል፤ በእግዚአብሔር ዘንድ ግን እነዚህም ሰዎች ናቸው።

ቤተ ክርስቲያን በበኩሏ ባለርስቱንም ሌላውንም በአንድ ሥርዓት ትሸኛለች። የነፍስ አባት ይጠራል፤ ሬሳው ታጥቦ በመግነዝ ይጠቀለላል፤ ከመጽሐፈ ግንዘት ይነበባል፤ ነፍስን ከኃጢአት ማሰሪያ ለመፍታት የሚጸለየውም ጸሎት ፍትሐት ይባላል። ከዚያ በኋላ ሣልስት የሚባለው ሦስተኛው ቀን፣ ሰባተኛው፣ አሥራ ሁለተኛው፣ ሠላሳኛው፣ ከሁሉ ይልቅ ተዝካር የሚወጣበት አርባኛው፣ ቀጥሎም ሰማንያኛው፣ መንፈቁና ሙት ዓመቱ ይታሰባል። ሰው በሩቅ አገር ወይም በጦር ሜዳ ሞቶ ሬሳው ያልመጣ እንደ ሆነ፣ ልብሱና መሣሪያው በለቅሶው መካከል ወጥቶ፣ ሙሾ አውራጇ ሥራውን በግጥም እየዘረዘረች፣ ወገኖቹ በፊታቸው እንዳለ ሆነው ያለቅሱለታል። ይህ ልማድ ሰውን ያለ ለቅሶ ላለመቅበር አባቶች ያገኙት መላ ነው፤ በኋለኛው ዘመን በመንዝ ላይ ለደረሰው መከራ ግን እርሱም አልበቃም።

የሸዋ መሳፍንት ሥር ከመንዝ ነው። የአጋንቻው ነጋሲ ክርስቶስ በአፄ ኢያሱ አድያም ሰገድ ዘመን ከመንዝ ተነሥተው ግዛት አቀኑ፤ ወደ ጎንደር በወረዱ ጊዜ በፈንጣጣ ሞቱ፤ ከአገራቸውም ርቀው ዐረፉ። ሰብስቲያኖስ፣ አብዬ፣ አምኃ ኢየሱስና አስፋ ወሰን በየተራቸው ገዙ፤ አምኃ ኢየሱስም አንኮበርን መሠረቱ። ራስ ወሰን ሰገድ በ1805 ዓ.ም. በሰው እጅ ተገደሉ። ታላቁ ልጃቸው በኩሬ በመንገድ ሳሉ ታናሹ ሣህለ ሥላሴ ወንበሩን ያዙ፤ እግዚአብሔር የወደደውን ያነግሣል። እናታቸው ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ በሰላ ድንጋይ ተቀምጠው ሰፊ አገር ሲያስተዳድሩ፣ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴም 34 ዓመት ገዝተው በ1840 ዓ.ም. ዐረፉ። ልጃቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት አፄ ቴዎድሮስ ሸዋ በገቡበት በ1848 ዓ.ም. መጀመሪያ በሕመም ዐረፉ፤ ሕፃኑ ልጃቸው ምኒልክም ወደ መቅደላ ተወሰዱ፤ ይህም ኀዘን በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ በወጡ ጊዜ ወደ ደስታ ተለወጠ።

ክፉ ቀን በተባለው ዘመን፣ ከ1880 ዓ.ም. በኋላ ባሉት ዓመታት፣ የከብት በሽታ በሬዎቹን ፈጅቶ እርሻው ጦም አደረ፤ ሕዝቡም በረኀብ አለቀ። አፄ ምኒልክ በገዛ እጃቸው ዶማ ጨብጠው በመቆፈር ለሠራዊታቸውና ለሕዝባቸው ምሳሌ መሆናቸው በዜና መዋዕላቸው ተጽፏል፤ የሞተው ሰው ቁጥር ግን አልተጻፈም። በጥቅምት 1909 ዓ.ም. ራስ ልዑል ሰገድ ከወሎው ንጉሥ ሚካኤል ጦር ጋር ሲዋጉ በቶራ መስክ ወደቁ፤ ከእርሳቸውም ጋር ብዙ የሸዋ ሰው ወደቀ። ጥቅምት 17 ቀን ግን በሰገሌ ሜዳ እግዚአብሔር ለሸዋ ሠራዊት ድልን ሰጠ፤ ንጉሥ ሚካኤልም ተማረኩ።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። በሰኔ 23 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቭ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው በሕዝባቸው ላይ ከሰማይ የዘነበውን መርዝ ተናገሩ፤ ጣልያንም መርዝ ጋዝን በጦርነት የሚከለክለውን የ1925 (እ.ኤ.አ.) ስምምነት ከፈረሙት አንዷ ነበረች፤ የሰማ እንጂ የረዳ አልነበረም። በሸዋ አርበኛ፣ ማለትም አገሩ ተይዞ ሳለ አልገዛም ብሎ በዱር የሚዋጋ ሰው፣ በየአምባው ተነሣ። ከቀደሙት አንዱ ኃይለ ማርያም ማሞ በ1930 ዓ.ም. በጎርፎ ወደቁ። የአፈ ንጉሥ አረጋይ ልጅ፣ በእናታቸውም የራስ ጎበና የልጅ ልጅ የሆኑት አበበ አረጋይ የሰሜን ሸዋን አርበኞች መሩ። በ1929 ዓ.ም. የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም በሚከበርበት በግንቦት 12 አካባቢ፣ በጣልያኑ ገዥ በግራዚያኒ ትእዛዝ በደብረ ሊባኖስ መነኮሳትና ምእመናን ተፈጁ፤ ከዚያ የተረፉትም ዲያቆናት ወደ ደብረ ብርሃን አቅራቢያ ተወስደው ተገደሉ። ከአገር ልጆች ወገን ከጠላት ጋር የቆመ አልጠፋም፤ ስሙ በዚህ መጽሐፍ አይገባም።

በመጋቢት 1931 ዓ.ም. መጨረሻ የጣልያን ጦር የአበበ አረጋይን ሠራዊት እየተከታተለ ወደ መንዝ ወጣ። ተዋጊው ቀላል ስለ ሆነ ተራራ ለተራራ ያመልጥ ነበር፤ ከኋላው የሚከተለው ግን ቁስለኛው፣ ሽማግሌው፣ እህል የምትፈጨው ሴት፣ የሚታዘለውም ሕፃን ነበር፤ እነዚህም በአርበኛው በተሾመ ሽንቁጥ እየተመሩ በቀያ በኩል በዘረት ባለው ታላቅ ዋሻ ገቡ። ዋሻው አመፀኛ ዋሻ ይባላል፤ በገደል ውስጥ የተሸሸገ በመሆኑም እህልና ከብት ይዞ ብዙ ሰው የሚያስጠልል ነበር። ጣልያኖች ከበቡት፤ ከውጭ በመድፍና በመትረየስ ቢመቱትም አልተሰበረም። በዚህ ጊዜ ከሳቮያ ክፍለ ጦር የኬሚካል ጓድ፣ ማለትም በመርዝ ለማጥቃት የተመደበ ቡድን፣ ተጠራ።

የዚህ ጓድ አንድ የበታች ሹም አሌሳንድሮ ቦአሊዮ የተባለ የጻፈው ማስታወሻ ከብዙ ዘመን በኋላ በጣልያን አገር ስለ ታተመ፣ የጦሩም ሰነድ በሮም መዝገብ ቤት ስለ ቆየ፣ የእነዚያ ቀናት ነገር ከሌላው ዘመን ሁሉ ይልቅ በግልጽ ይታወቃል። ሚያዝያ 1 ቀን ከአርሴኒክ የተቀመመ ጢስ የያዙ የመድፍ ጥይቶች ወደ ዋሻው አፍ ተተኮሱ፤ ከአውሮፕላን ቦምብ የተቀዳ ይፕሪት፣ የሰናፍጭ ጋዝ የሚባለው፣ በጣሳ እየተሞላ በገመድ ከገደሉ ጫፍ ወርዶ በዋሻው በር ላይ እንዲፈነዳ ተደረገ። ይህ መርዝ ቆዳን የሚልጥ፣ ዓይንን የሚያጠፋ፣ ሳንባን የሚያቃጥል ሲሆን፣ በተዘጋ ዋሻ ውስጥ መሸሻ የለውም። በሚያዝያ 2 ለ3 ሌሊት ተሾመ ሽንቁጥ ከጥቂት ሰዎች ጋር ከበባውን ጥሰው ወጡ፤ እግዚአብሔር ወሬ ነጋሪ አስቀረ። በሚያዝያ 3 ቀን የቀሩት እጃቸውን ሰጡ፤ ወንዶቹም ከሴቶችና ከሕፃናት ተለይተው በቡድን በቡድን በገደሉ አፍ ላይ ተረሸኑ፤ ቁጥራቸው 800 ያህል እንደ ነበር ይነገራል። በመርዙ በዋሻው ውስጥ የሞቱት፣ ከዚያም ወጥተው ከቁስላቸው ያልዳኑት ሴቶችና ሕፃናት ከዚህ ቁጥር ውጭ ናቸው። እነርሱን የቆጠረ የለም፤ ይህን ያዘዙትም በዚህ ዓለም ፍርድ አልቀረቡበትም።

በዚያ ዓመት የትንሣኤ በዓል ሚያዝያ 1 ቀን ነበር። ሆሳዕና መጋቢት 24 ቀን ስትውል፣ እንደ ሥርዓቱ በዚያች እሑድ ካህናቱ ለሕዝቡ ሁሉ ፍትሐት ጸልየዋል፤ ምክንያቱም በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት ስለማይደረግ፣ በዚያ ሳምንት ለሚሞተው ሰው ሁሉ አስቀድሞ በሆሳዕና ይጸለይለታል። የዘረት ሙታን ግን የሞቱት ሳምንቱ ካለፈ፣ ክርስቶስ ተነሣ ተብሎ ከተበሠረ በኋላ ነው፤ ካህን ሊደርስላቸው ያልቻለውም ጠላት በር ላይ ስለ ቆመ ነው። በዚህ ምክንያት የሆሳዕናው ጸሎት አይደርሳቸውም የሚል ሰው ቢኖር፣ የእግዚአብሔርን ምሕረት በቀን መቁጠሪያ የሚለካ ነው። በትንሣኤ ሰሞን ስለ እምነታቸውና ስለ አገራቸው የሞቱት ሰዎች ሰማዕታት ናቸው፤ ይህም ቃል በዚህ ዜና መዋዕል ያለ ጥርጥር ይጻፋል።

ከዘረት በኋላ አርበኞቹ ትግሉን አልተዉም። አበበ አረጋይ ከጣልያኖች ጋር መልእክት ተለዋውጠው ነበር፤ ይህም ጊዜ ለማግኘት እንደ ነበር ይነገራል። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ልክ በአምስተኛው ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ፣ አበበ አረጋይ ጠጉራቸው እንደ ጎፈረ አርበኞቻቸውን አሰልፈው ተቀበሏቸው፤ ከዚያም በራስነታቸው የመንግሥቱ ታላቅ ሹም ሆነው ሲያገለግሉ ኖረው በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ከሌሎች ሹማምንት ጋር ተገደሉ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት የሚያደርገው አዋጅ ሲወጣ ርስት አበቃ፤ አዋጁ በሌላው አገር ጭሰኛውን ከጌታው ነጻ ያወጣ መልካም ነገር ሲሆን፣ በመንዝ ግን የሙታንን ስም በችሎት የሚያስቆጥረውን ምክንያትም አብሮ ወሰደ።

የዘረት ነገር ከአካባቢው ሰው አንደበት ባይጠፋም፣ በመጻሕፍት ሳይታወቅ ዘመን አለፈ። በ1998 ዓ.ም. ጣልያናዊው የታሪክ ምሁር ማቴዎ ዶሚኒዮኒ በሮም ያገኘውን ሰነድ ይዞ ወደ ዋሻው መጣ፤ ከእርሱም በኋላ አልፍሬዶ ጎንዛሌዝ ሩይባልና ኢትዮጵያዊው ዮናታን ሳህሌ ያሉበት የቁፋሮ ምሁራን ቡድን ዋሻውን መርምሮ በ2003 ዓ.ም. ጽሑፉን አሳተመ። በውስጡ የሰው አጽም፣ የልብስ ቁራጭ፣ የእህል ማስቀመጫና ቅርጫት ተገኝቷል፤ ይህም ዋሻው የጦር ምሽግ ብቻ ሳይሆን ሰው ጎጆውን ይዞ የተሰደደበት ቤት እንደ ነበረ ያስረዳል። የጠላት ሰነድ ቁጥር እንጂ ስም አልያዘም። ስሙ ያለው በዘር ቆጠራ ውስጥ ነው፤ አባቱ ወይም አያቱ በ1931 ዓ.ም. ከአርበኞች ጋር ወጥቶ ያልተመለሰ ቤተሰብ የዚያን ሰው ስም ያውቃል። ከሞላሌ እስከ መሐል ሜዳ፣ ከዚያም እስከ ዘመሮና እስከ ግሼ ያሉ አጥቢያዎች በየቤተ ክርስቲያኑ ይህን ስም ከሽማግሌዎች ጠይቀው በክርስትና ስሙም በዓለም ስሙም መዝግበው፣ በየዓመቱ ሚያዝያ 3 ቀን ሊያስቡት ይገባል፤ በአርባኛው ቀን ያልወጣላቸው ተዝካር ያን ጊዜ ይወጣላቸዋል።