የንግድ ሥራ ሂሳብን በዕለት መዝገብ (ጆርናል) ስለማስፈር

የዕለት መዝገብ ወይም ጆርናል የንግድ ድርጅት የሚያከናውናቸው ግብይቶች በተፈጸሙበት ቀን ቅደም ተከተል ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰፍሩበት መዝገብ ነው። እያንዳንዱ ምዝገባ ቀኑን፣ ግብይቱ የሚመለከታቸውን የሂሳብ መደቦች፣ የዴቢትና የክሬዲት መጠኑን፣ አጭር መግለጫና የደጋፊ ሰነዱን ቁጥር ይይዛል። የዴቢቱ ድምር ሁልጊዜ ከክሬዲቱ ድምር ጋር እኩል ይሆናል። ከዚህ በኋላ ሂሳቡ ወደየመደቡ ሌጀር ይዛወራል።

በሆሳዕና፣ በዱራሜና በአካባቢው ከተሞች የሚሠሩ ነጋዴዎች አንድ ጉዳይ በጥንቃቄ ሊያጤኑ ይገባል። ወደ ባንክ ሂሳብ የሚገባ ገንዘብ ሁሉ ሽያጭ አይደለም። በደቡብ አፍሪካ የሚኖር ወንድም የሚልከው ገንዘብ፣ ብድርና የዕቁብ ገንዘብ ከሽያጭ ገቢ ጋር በአንድ ሂሳብ ውስጥ ሲደባለቁ ይታያል። የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ደግሞ መዝገብ ካልቀረበ ግብሩ በግምት እንዲወሰን ይፈቅዳል። ገንዘቡ ከየት እንደመጣ በዕለቱ ያልመዘገበ ነጋዴ፣ ከዓመት በኋላ ሽያጭ አለመሆኑን ማስረዳት ይቸግረዋል።

ቆጮና ቡላ የሚነግድ ግለሰብን በምሳሌነት እንውሰድ (ተጨማሪ እሴት ታክስ አልተካተተም)።

ሐምሌ 3፦ ከዘመድ የተላከለትን 150,000 ብር ለንግዱ ካፒታል አዋለ።
ዴቢት፦ ባንክ 150,000
ክሬዲት፦ የባለቤት ካፒታል 150,000

ሐምሌ 6፦ የ60,000 ብር ሸቀጥ ገዝቶ 40,000 ብር በባንክ ከፈለ፤ ቀሪው በዱቤ ነው።
ዴቢት፦ የሸቀጥ ክምችት 60,000
ክሬዲት፦ ባንክ 40,000
ክሬዲት፦ ተከፋይ ሂሳብ 20,000

የተላከው ገንዘብ የሚመለስ ብድር ቢሆን ኖሮ ክሬዲት የሚደረገው ካፒታል ሳይሆን «ተከፋይ ብድር» ነበር። ስለዚህ የባንኩን የሐዋላ ደረሰኝ ከምዝገባው ጋር ማያያዝ፣ ለብድርም የጽሑፍ ውል መያዝ ያስፈልጋል።

ዕቁብ ብዙ ጊዜ በስህተት ይመዘገባል። 20 አባላት በየወሩ 5,000 ብር በሚጥሉበት ዕቁብ፣ ነጋዴው በ4ኛው ወር ዕጣ ወጥቶለት 100,000 ብር ቢቀበል፣ 20,000 ብሩ ራሱ አስቀድሞ የጣለው፣ 80,000 ብሩ ደግሞ ወደፊት የሚከፍለው ዕዳ ነው።
ዴቢት፦ ጥሬ ገንዘብ 100,000
ክሬዲት፦ ተሰብሳቢ የዕቁብ ሂሳብ 20,000
ክሬዲት፦ ተከፋይ የዕቁብ ሂሳብ 80,000

ከዚህ ውስጥ አንድም ብር ገቢ አይደለም።

በመስከረም ለያሆዴ ወይም ለመሳላ በዓል ከሱቁ ሣጥን የሚወጣ ገንዘብ የንግዱ ወጪ ሳይሆን «የባለቤት የግል ወጪ» ተብሎ ይመዘገባል። የሰንጋ ዋጋ ከግብር በፊት ተቀናሽ አይሆንም።

ደረሰኝ ከማይሰጥ አርሶ አደር ለሚፈጸም ግዥ፣ በታክስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ የታተመ የግዥ ማረጋገጫ ቫውቸር ጥቅም ላይ ይውላል። የተሳሳተ ምዝገባ አይፋቅም፤ በተቃራኒ ምዝገባ ይታረማል።

በአዋጁ መሠረት ሰነዶች በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ ተዘጋጅተው፣ ግብር ከተገለጸበት ቀን ጀምሮ ቢያንስ 5 ዓመት በኢትዮጵያ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ የንግድ ሕጉ ረዘም ያለ ጊዜ ካስቀመጠ እሱ ይጸናል። የመያዝ ግዴታ እያለበት ያልያዘ ሰው በግብር ዓመቱ ሊከፍለው ከሚገባው ግብር 20 በመቶ ይቀጣል።

የሂሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ በግብር ከፋይነት ደረጃ ይለያያል፤ የደረጃዎቹ ወሰን በማሻሻያ አዋጆች ስለሚለወጥ በሥራ ላይ ያለውን መጠን ማረጋገጥ ተገቢ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 ከግለሰብ ነጋዴዎች የንግድ ትርፍ ግብር የመሰብሰብ ሥልጣን የክልሎች በመሆኑ፣ የግል ነጋዴዎች ደረጃቸውን በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሥር ባለው የከተማቸው ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ይጠይቃሉ። የግብር ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር አዲስ መዝገብ የሚከፈተው በዚያው ቀን፣ የቆጠራ ውጤትና የባንክ ቀሪ በመክፈቻነት ከሰፈሩበት በኋላ ነው።