መርዶ ተሸካሚ ልጆች

ዛሬ ስለ መርዶ እናወጋለን። ርዕሱ ከበድ ይላል፤ ግን ነገሩ የልጆቻችን ልብ ጉዳይ ስለሆነ እስከ መጨረሻው አንብቡልን።

በጎንደር አገር፣ በወገራም በሉት በደምቢያ፣ ሰው ዘመድ ሲሞትበት እንዲሁ መንገድ ላይ ተይዞ አይነገረውም ነበር። ወሬውን ቀድመው የሰሙት ሽማግሌዎች ይማከራሉ፤ የቅርብ ዘመድና ጎረቤት በድብቅ ይጠራል። ሰውየው እራቱን በልቶ፣ እንቅልፉን ተኝቶ እንዲያድር ሌሊቱ ይተውለታል። ገና ጎህ ሲቀድ ደጁን ያንኳኳሉ። ያን ሁሉ ሰው በማለዳ ሲያይ ልቡ ያውቀዋል። ግን ያን ጊዜ በግራም በቀኝም የሚደግፈው አለ፤ አብሮት የሚያለቅስ አለ። አራስ ወይም ሕመምተኛ ከሆነ ደግሞ እስኪጠና ይቆይለታል። ልጅን መርዶ አስይዞ መላክማ ጭራሽ አይታሰብም።

ይህ ሥርዓት መጀመሪያ የተሰበረው በሱዳን መንገድ ላይ ነው። በመንገዱና በካምፖቹ ወደ 4,000 የሚጠጉ ወገኖቻችን እንደቀሩ ይገመታል። እዚያ ለቅሶ መቀመጥ አልተቻለም፤ ማንነታችን እንዳይታወቅ ብዙዎቻችን ሙታናችንን በዝምታ ቀበርን። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 በሙሴ ዘመቻ ብዙዎች ከገቡ በኋላ ወሬው ወጣና በረራው ተቋረጠ። ልጅ እዚህ ሆነ፣ እናት እዚያ ቀረች። በሜይ 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ ሲገባ፣ የተለያየው ቤተሰብ ተገናኘ። በብዙ ቤት እልልታውና መርዶው በአንድ ቀን ገባ።

ሐደራ ስንደርስ መጀመሪያ የለየነው ባሕር ዛፉን ነው። ከተማዋ በ1891 ስትቆረቆር ምድሯ ረግረግ ነበር፤ ከመሥራቾቿ ብዙዎቹን ወባ ፈጅቷቸዋል፤ ባሕር ዛፉም ረግረጉን እንዲያደርቅ የተተከለ ነው። እኛ ይህን መቼ አውቀን፤ ሽታው ብቻ አገር ቤት መለሰን። በጊቫት ኦልጋና በቤት ኤሊዔዘር ቤት ይዘን ኑሮ ጀመርን።

ልጆች ዕብራይስጡን በጥቂት ወራት ጨበጡት። ወላጆች ግን ከኡልፓን ወጥተው ገና ቤት ሳይደርሱ ቃሉ ይጠፋባቸዋል። ስለዚህ ባንክም፣ ትምህርት ቤትም፣ ኩፓት ሖሊምም ልጅ እየተያዘ ይኬድ ጀመር። ትልቅ ሰው ሲናገር ዓይኑን ሰብሮ ይቀመጥ የነበረ ልጅ፣ አሁን የአባቱ አፍና ጆሮ ሆነ። አባት አፈረ፤ ልጅም ከዕድሜው በላይ ተሸከመ።

ከመካከላችን አንዲት እህት ያኔ ዐሥር ዓመቷ ነበር። ነፍሰ ጡር እናቷን ይዛ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሙ መርምሮ፣ «የጽንሱ ልብ አይመታም፤ ነገ ሆስፒታል መግባት አለባት፤ ንገሪያት» አላት። ልጅቱ እናቷን አየቻት። «እማዬ፣ ነገ ከአባባ ጋር ተመለሱ ብሏል» አለቻት፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ቤት ሲደርሱ ግን ሮጣ ለጎረቤት እትዬ ነገረች። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሴቶቹ ተሰብስበው መጡ፤ እናትየውም በወግ ተነገራት፣ ታቅፋ አለቀሰች። ያቺን ልጅ መርዶ እንዴት እንደሚነገር ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራትም። አይታ ነው ያወቀችው። ያን ሌሊት ሳትተኛ ያደረችው ግን እሷ ናት። እሷን «አይዞሽ» ያላት ሰው አልነበረም።

ይህን ሸክም ከልጆች ጫንቃ ለማንሳት ከተሠሩት ሥራዎች አንዱ የተጀመረው እዚሁ ከተማችን ነው። በ1998 በሂሌል ያፌ ሆስፒታል የስኳር በሽታ ሐኪም የነበሩት ዶክተር ዓናት ያፌ ከማኅበረሰባችን ሰዎች ጋር ሆነው ቴነ ብሪዑት የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። ቴነ በዕብራይስጥ ቅርጫት ነው፤ ለኛ ጆሮ ግን «ጤና» ይላል። የመጀመሪያው ጭንቀት በገጠር እምብዛም የማናውቀው፣ እዚህ ግን በፍጥነት የተስፋፋብን ስኳር በሽታ ነበር። ከጊዜ በኋላ በስልክ የሚሰጥ የአማርኛ የሕክምና ትርጉም ተጨመረ። ሐኪሙ ደውሎ የሠለጠነ ትልቅ ሰው ያስተረጉማል፤ ልጅ ትምህርት ቤቱ ይውላል። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ግን እናት ልጇ ፊት የማትናገረውን ሕመሟን ለመጀመሪያ ጊዜ መናገር ቻለች።

እነዚያ ልጆች ዛሬ ወላጆች ናቸው። ብዙዎቹ ያኔ በፕኒሚያ አድገው፣ ከቤተሰብ ርቀው፣ ያስጨነቃቸውን ለማንም ሳይናገሩ አለፉ። እኛም ወላጆች «ሆድ ይፍጀው» ብለን ዝም አልን፤ ልጆቹን እንዳናሳዝን ብለን ነው። ልጅ ግን ዝምታን በራሱ መንገድ ይተረጉመዋል። አንዳንዱ «አልወደዱኝም» ብሎ፣ አንዳንዱ «ጥፋቱ የኔ ነው» ብሎ።

መርዶ መደበቅ አይደለም። እውነቱ መጨረሻ ላይ ይነገራል፤ የሚመረጠው ሰዓቱ፣ የሚነግረው ሰውና አብሮ የሚሆነው ነው። ለልጆቻችንም እንዲሁ ማድረግ እንችላለን። ልጅ ከትምህርት ቤት ፊቱ ጠቁሮ ሲመጣ በጥያቄ አናጣድፈው፤ ይብላ፣ ይረፍ፣ ከዚያ አጠገቡ እንቀመጥ። የቤት ችግር ሲኖር ዕድሜውን የሚመጥን እውነት ከኛው አፍ ይስማ። ለቅሶ ቤት ስንሄድም አልፎ አልፎ እናስከትለው፤ ሰው ለሰው እንዴት እንደሚሆን በዓይኑ ይይ። ያቺ የዐሥር ዓመት ልጅም የተማረችው እንዲሁ ነው።

ለየሩሳሌም ሲሉ በመንገድ የቀሩት ወገኖቻችን በየዓመቱ በየሩሳሌም ቀን በሄርጽል ተራራ ይታሰባሉ። የዚያን ቀን ማታ ቡናው ሲፈላ ልጆቻችሁን አስቀምጡና የቀረባችሁን ሰው ስም ንገሯቸው። ያኔ አስተርጓሚ የነበራችሁ ደግሞ፣ ወላጆቻችሁ በሕይወት ካሉ፣ ያ ነገር እንዴት እንደከበዳችሁ አጫውቷቸው። እናንተ ወላጆችም ስሟቸው፤ «አይዞህ»፣ «አይዞሽ» በሏቸው። ዘግይቷል አትበሉ፤ መርዶም እኮ ስንት ዓመት ቆይቶ ይነገራል።