የስደት ግጥምና የትውልድ ቆጠራ፤ ከጃፓናውያን ልምድ ወደ ኢትዮጵያውያን ገጣሚያን

የጃፓን ስደተኞችን ግጥም የሚያጠና ሰው የትውልድ መቁጠሪያው ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ከአገሩ የወጣው «ኢሴይ»፣ በሰው አገር የተወለደው ልጁ «ኒሴይ»፣ የልጅ ልጁ «ሳንሴይ» ነው። ቆጠራው የሚነሳበት ቀንም አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1908 ካሳቶ ማሩ የተባለችው መርከብ 781 ሰዎች ይዛ የብራዚሉ ሳንቶስ ወደብ ደረሰች። በአሜሪካ ደግሞ ከ1942 ጀምሮ 120,000 ያህል ጃፓናውያንና ትውልደ ጃፓን አሜሪካውያን በካምፕ ታጉረዋል። የመጀመሪያው ትውልድ በሽቦ አጥር ውስጥ ሆኖ በጃፓንኛ ሃይኩ ጻፈ። ቫዮሌት ካዙዌ ደ ክሪስቶፎሮ እነዚያን ሃይኩዎች ሰብስባና ተርጉማ ያሳተመቻቸው በ1997 ነው። ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ግን በእንግሊዝኛ ጻፉ። ሚትሱዬ ያማዳ የካምፕ ግጥሞቿን በ1976 አወጣች፤ በሕፃንነቱ የታጎረው ሎውሰን ኢናዳ ደግሞ በ1992 የካምፑን ትዝታ እንደ ተረት አድርጎ መለሰው።

እዚያም ቢሆን ቆጠራው ያፈሳል። ያማዳ የተወለደችው ጃፓን ውስጥ፣ ፉኩኦካ ነው፤ የምትቆጠረው ግን ከሁለተኛው ትውልድ ነው። ቢሆንም በብራዚል የመርከቡ፣ በአሜሪካ የካምፑ የጋራ ታሪክ ሦስቱን ትውልድ አስሮ ይዟል።

የኢትዮጵያውያን ስደት እንዲህ ያለ መነሻ የለውም። ለትምህርት ሄዶ የቀረ፣ ከደርግ የሸሸ፣ በሱዳን በረሃ ያቋረጠ፣ ዲቪ የደረሰው፣ ሁሉም በየራሱ በር ወጥቷል። ስለዚህ የጃፓኑን መቁጠሪያ እንዳለ ማምጣት አያዋጣም። የዚህ መጣጥፍ ሐሳብ የእኛን ገጣሚያን ከልደት ዘመናቸው ይልቅ ግጥሙን ለማን እንደላኩት አይቶ መመደብ ይሻላል የሚል ነው።

ከስደቱ በፊት የጉዞ ግጥም ነበረ። ለንደን የተማረው መንግሥቱ ለማ በ«ባሻ አሸብር በአሜሪካ» ክብሩን ተሸክሞ የሄደ ኢትዮጵያዊ ከቀለም መድሎ ጋር ሲላተም ያሳየናል። ቀልዱ የሚሠራው አድማጩ አገር ቤት ስለተቀመጠ ነው፤ ባሻ ተመልሶ የሚያወራ ሰው ነው። ገብረ ክርስቶስ ደስታም በተማሪነቱ ጀርመን ኖሮ የተመለሰ ሠዓሊና ገጣሚ ነበር። በደርግ ዘመን ዳግም ወጥቶ ግን በ1981 እ.ኤ.አ. ኦክላሆማ፣ ሎውተን ውስጥ አረፈ። «ሀገሬ»ን በቃሉ የሚወጣ ሰው ዛሬም ብዙ ነው፤ ግጥሞቹ «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» ተብለው የታተሙት ግን በ1998 ዓ.ም. ነው። ደራሲው ውጭ ሞተ፤ አንባቢው ግን ሁልጊዜ እዚሁ ነበር።

ሰሎሞን ዴሬሳ ይበልጥ ያስቸግራል። ወለጋ፣ ጩታ የተወለደው ይህ ገጣሚ «ልጅነት»ን በ1963 ዓ.ም. ሲያወጣ ቤት መምታትንና የስንኝ ልክን እንደ ግዴታ ስላልቆጠረ ብዙ አከራከረ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1969፣ ከገዳሙ አብርሃ ጋር «አዲስ ሪፖርተር» ላይ በእንግሊዝኛ ባወጣው ጽሑፍ በሁለት ዓለም መካከል የቆመውን የተማረ ኢትዮጵያዊ መርምሯል። የስደተኛን ጥያቄ ገና ሳይሰደድ ጠየቀው ማለት ነው። «ዘበት እልፊቱ» በ1991 ዓ.ም. ሲወጣ ኑሮው ሚኒሶታ ነበር፤ በ2010 ዓ.ም. እዚያው ሚኒያፖሊስ አረፈ። በእኔ ንባብ በሁለቱ መጻሕፍት መካከል የተለወጠው የሰውየው አድራሻ ነው እንጂ አንባቢው አይደለም። አስቸጋሪ አማርኛውን ያለ ማስታወሻ የሚጽፈው ለአገር ቤት ሰው ነው። በተቃራኒው በዕድሜ ከእሱ የሚያንሰው ሐማ ቱማ፣ አገር ቤት አድጎ ፓሪስ የተሰደደ «የመጀመሪያ ትውልድ» ሆኖ ሳለ፣ የ1991 እ.ኤ.አ. የግጥም መጽሐፉን በእንግሊዝኛ ነው ያወጣው። በልደት ዘመን ብንሄድ ሁለቱን አንድ መደብ ውስጥ ልንጨምራቸው ነው።

ይህን የምጽፈው ከአየር ጤና ነው። ክረምት ሲገባ ከአሜሪካ የመጡ የልጅ ልጆች በየግቢው ይታያሉ። አያትየው «ሀገሬ»ን ከሬዲዮ ሰምተው ያውቁታል፤ ልጁ አብሯቸው ተቀምጦ አይገባውም። ልጁ የሚያነበውን ግጥም ደግሞ እሳቸው አይከታተሉም። በአንድ ሶፋ ላይ ሁለት የግጥም አንባቢ አለ ማለት ነው፤ የሥነ ጽሑፍ ጥናታችን የሚያውቀው ግን አያትየውን ብቻ ነው።

ለልጁ የቀረበው ገጣሚ ለምን ሲሳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ሰሜን እንግሊዝ ተወለደ፤ እናቱ ለትምህርት የሄዱ ኢትዮጵያዊት ነበሩ። ሕፃኑ ለአሳዳጊ ቤተሰብ ተሰጥቶ ኖርማን ተባለ። 12 ዓመት ሲሞላው አሳዳጊዎቹ መለሱት፤ ቀሪ ልጅነቱን በማሳደጊያ ቤቶች ገፋ። ስሙንም፣ እናቱ በ1968 ልጃቸው እንዲመለስላቸው መጠየቃቸውንም ያወቀው ከማሳደጊያ ሲወጣ በተሰጡት ወረቀቶች ነው። ታሪኩን በ2019 ባወጣው ግለ ታሪክ በዝርዝር ጽፎታል። በጃፓኑ መቁጠሪያ «ሁለተኛ ትውልድ» እንበለው? ሁለተኛው ትውልድ በቤቱ ውስጥ አንደኛውን ይፈልጋል፤ የሚያምፅበት አባት፣ የሚሰለቸው የአገር ቤት ወሬ፣ የማይገባው የእናት ዘፈን ያስፈልገዋል። ለለምን ይህ ሁሉ አልነበረም። ተቀባይ ያጣ ግጥም ግን የሕዝብ ግጥም ሆነ። ማንቸስተር ውስጥ ግጥሞቹ ግድግዳ ላይ ተጽፈዋል፤ ለንደን ፌን ኮርት ከቀራፂው ማይክል ቪሶኪ ጋር የሠራው የባሪያ ንግድ መታሰቢያ በ2008 ሲመረቅ ስንኞቹ ድንጋይ ላይ ሰፍረዋል። አንባቢው ቀን በቀን የሚያልፍ መንገደኛ ነው።

ከእሱ በኋላ የመጡት ሴቶች ናቸው። ልዩ ልብሰቃል እ.ኤ.አ. በ2014 የብሩኔልን የአፍሪካ ግጥም ሽልማት፣ ማህተም ሽፈራው ደግሞ በ2016 ለታተመው የመጀመሪያ መጽሐፏ የሲለርማን ሽልማትን አግኝተዋል። ማህተም ኢትዮጵያና ኤርትራ ያደገች፣ በእንግሊዝኛ የምትጽፍ ናት። እሷን በየትኛው ስደት፣ በየትኛው አገር ስም እንደምንቆጥራት የሚጣሉ ተመራማሪዎች ቢነሱ አይደንቀኝም።

የመጨረሻው አብነት መደቡን ሁሉ የሚያናጋ ነው። ለንደን የሚኖረው ዓለሙ ተበጀ ከክሪስ ቤኬት ጋር ሆኖ የአማርኛን ግጥም ወደ እንግሊዝኛ ያሻገረ መድብል እ.ኤ.አ. በ2020 አሳትሟል። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ያወጣው የራሱ መጽሐፍ ግን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን የተዘጋጀ ሲሆን፣ ርዕሱ የአውሮፓን ሕዝብ ሰላም የሚል ነው። ጎልምሶ የተሰደደ፣ በአማርኛ የሚገጥም ሰው ነው፤ ሰላምታው ግን የተላከው ለአውሮፓውያን ነው። አውሮፓዊው የእንግሊዝኛውን ገጽ ካነበበ የአማርኛው ለማን ተጻፈ? እኔ ሁለት ግጥም እንደሆኑ አድርጌ ማንበብን እመርጣለሁ፤ አንዱ ባሕር ተሻግረው የመጡ ሰዎችን ለሚጠይቅ አስተናጋጅ፣ ሌላው ደግሞ ያ ጥያቄ እንዴት እንደተጠየቀ አገር ቤት ሆኖ ለሚሰማ ዘመድ የተጻፈ።