የወረርሽኝ ጭንቀትና የወጣቶች የዕለት ስሜት፦ ኮልፌ ቀራንዮን እንደ ማሳያ

የወረርሽኝ ጭንቀት በሽታውን ከመፍራት የሚመነጭ ስጋት ብቻ አይደለም። ትምህርት ሲቋረጥ፣ ገቢ ሲነጥፍ፣ ከባልንጀራ ጋር መገናኘት ሲከለከል የሚጠራቀም የአእምሮ ጫናም ነው። በወጣቶች ዘንድ ይህ ጫና አስቀድሞ የሚታየው በዕለት ስሜት መለዋወጥ ነው፤ ጠዋት ድካም፣ ቀን መሰላቸትና ብስጭት፣ ሌሊት እንቅልፍ ማጣት።

የገደቡ ወራት

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ቫይረስ ተጠቂ መገኘቱ ይፋ የሆነው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም ነው። በቀናት ልዩነት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በመላ አገሪቱ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ራቁ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አዋጁና ማስፈጸሚያ ደንቡ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብንና መጨባበጥን ከለከሉ፤ የሕዝብ ትራንስፖርትም በግማሽ እንዲጭን አዘዙ። ሚያዝያ 11 ቀን የዋለው የትንሣኤ በዓልና ተከትሎት የገባው የረመዳን ጾም ያለወትሮው በየቤቱ አለፉ።

ጫናው በኮልፌ ቀራንዮ

በምዕራብ አዲስ አበባ የሚገኘው ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ኑሮው ከጎረቤቱ መርካቶ ጋር የተሳሰረ ነው። በአጠና ተራ ጭነት የሚያወርድ፣ በታክሲ ረዳትነት የሚሠራ ወይም በመንገድ ዳር የሚነግድ ወጣት የሚያድረው በዕለት ገቢው ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ቤት መቀመጥ ማለት ባዶ እጅ ማምሸት ነበር። ከገጠር ለመጣው ደግሞ ሌላ ሸክም ተደረበበት። ገደቡ የጸናው ክረምት ሊገባ ሲል፣ ገበሬ ቤተሰብ ለዘርና ለማዳበሪያ ገንዘብ በሚሻበት ወቅት ነውና፤ መላክ ያልቻለ ልጅ በስልክ ጥሪ እንኳ ይሳቀቃል።

የተማሪው ጭንቀት ከመጠበቅ የመጣ ነው። የ2012 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና መሰጠት የጀመረው የካቲት 29 ቀን 2013 ዓ.ም ነው። ፈተናው መቼ እንደሚሰጥ ሳይታወቅ ለወራት ማጥናት የትጋትን ስሜት ያዳክማል።

ጭንቀት ስሜትን የሚለውጥበት መንገድ

አእምሮ አደጋ ሲገምት ሰውነት ኮርቲሶልን የመሳሰሉ ሆርሞኖችን ያመነጫል። ይህ ለአጭር ጊዜ ንቁ ያደርጋል። ስጋቱ ለሳምንታት ሲዘልቅ ግን እንቅልፍ ይዛባል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው በማግሥቱ በትንሹ ይቆጣል፤ ቁጣው ከቤተሰብ ያጋጨዋል፤ ግጭቱም ዳግም እንቅልፍ ይነሳዋል። በአንድ ክፍል ቤት ተጨናንቆ ለሚኖር ቤተሰብ ይህ አዙሪት ይበረታል። ወጣቱ ውጥረቱን የሚያስተነፍስባቸው የሰፈር ኳስ ሜዳና የዲኤስቲቪ ቤትም በዚያን ጊዜ ዝግ ነበሩ።

ችግሩ የአንድ ሰፈር ብቻ አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት በወረርሽኙ የመጀመሪያ ዓመት ጭንቀትና ድባቴ በዓለም ዙሪያ በ25 በመቶ መጨመራቸውን፣ ወጣቶችና ሴቶችም ይበልጥ መጎዳታቸውን አስታውቋል።

የሚያልፍ ስሜት ወይስ ሕመም?

የከፋው ቀን በማግሥቱ የሚቀል ከሆነ የተለመደ የስሜት መዋዠቅ ነው። ኀዘኑ ወይም የደስታ ማጣቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ሳይለቅ ከቆየ፣ የምግብ ፍላጎትና እንቅልፍን ካዛባ፣ ሥራንና ትምህርትን ካስተጓጎለ ግን ድባቴ ሊሆን ስለሚችል የባለሙያ ምርመራ ያሻዋል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ቀናት መቁጠር አያስፈልግም፤ ወዲያውኑ እርዳታ መጠየቅ ይገባል።

የሚረዱ ነገሮች

በተመሳሳይ ሰዓት መተኛትና መነሣት፣ በየቀኑ በእግር መንቀሳቀስ፣ አስደንጋጭ ዜና የሚሰማበትን ጊዜ መወሰንና ከሚያምኑት ሰው ጋር መነጋገር የስሜት መዋዠቅን ይቀንሳሉ። ወላጆችም መነጫነጭን ሁሉ እንደ ብልግና ባይቆጥሩ መልካም ነው። ጫት፣ አልኮልና ሌሎች ሱሶች ለጊዜው ቢያስረሱም የማግሥቱን ስሜት ያከፋሉ። እርዳታ የሚሻ ሰው በቅድሚያ በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ መሄድ ይችላል፤ እንደ አስፈላጊነቱም በመዲናዋ ወደሚገኘው የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሊላክ ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት የኮሮና ዓለም አቀፍ የጤና ስጋትነት ማብቃቱን ያወጀው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም ነው። የተቋረጠ ትምህርትና የጠፋ ገቢ የተዉት ጫና ግን በአዋጅ አይነሣም፤ በቤተሰብ፣ በትምህርት ቤትና በጤና ጣቢያ የሚደረግ ክትትልን ይጠይቃል።