ቮልስዋገን አይዲ 4፦ ሐይቅ ለሚኖር ሰው ታዋጣለች ወይ?

እኛ ሀገር መኪና አንድ ሰው ብቻውን አይገዛውም። ውጭ ያለው ወንድም ይልካል፣ እዚህ ያለው ዕቁብ ይወጣለታል፣ ሲብስም መሬት ይሸጣል። የቤተሰብ ሀብት ያረፈበት ነገር ደግሞ "ቆንጆ ናት" ተብሎ ብቻ አይገዛም። ስለዚህ ዛሬ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች በብዛት የምናያትን ቮልስዋገን አይዲ 4ን ቁጭ ብለን እንመዝናት።

መመዘኛችን ግን የአዲስ አበባ ቀለበት መንገድ አይደለም። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው፣ አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ገዳማዊ ሕይወትን ባጸኑበት በሐይቅ እስጢፋኖስ የምትታወቀው ሐይቅ ከተማ ናት። እዚያ የሚኖር ሰው ይህችን መኪና ቢገዛ ምን ያተርፋል? ምን ያጣል?

መልሳችንን አስቀድመን እንንገራችሁ፦ ሐይቅና ደሴ ለሚመላለስ ሰው ጥሩ መኪና ናት። በየሳምንቱ አዲስ አበባ ለሚሄድ ግን ራስ ምታት ልትሆን ትችላለች። ምክንያቱን በቁጥር እንየው።

መኪናዋ ምንድን ናት?

አይዲ 4 ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የምትሄድ ክሮስኦቨር ናት። ክሮስኦቨር ማለት እንደ ጂፕ ከፍ ብሎ የሚታይ፣ ውስጡና አነዳዱ ግን የቤት አውቶሞቢል የሆነ መኪና ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ጀርመን ውስጥ በዝቪካው ፋብሪካ መመረት ጀመረች፤ በ2021 ደግሞ የዓመቱ የዓለም መኪና ተብላ ተመረጠች። ርዝመቷ 4.6 ሜትር ገደማ ነው። ትልቁን ባትሪ የያዘችው ክብደቷ 2.1 ቶን አካባቢ ይደርሳል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ኢትዮጵያ ውስጥ የምናያቸው አብዛኞቹ አይዲ 4ዎች ከጀርመን አልመጡም። ቮልስዋገን ቻይና ውስጥ ከሁለት አጋሮች ጋር ይሠራል፦ ከፋው ጋር የምትመረተው "አይዲ 4 ክሮዝ"፣ ከሳይክ ጋር የምትመረተው "አይዲ 4 ኤክስ" ትባላለች። ትልቋ እህታቸው አይዲ 6ም ለቻይና ገበያ የተሠራች ናት። ዓርማው የአውሮፓ፣ ፋብሪካው የቻይና ማለት ነው። ይሄ ነውር የለውም፤ ግን የቻርጅ ሶኬቱን፣ የስክሪኑን ቋንቋና የዋስትናውን ነገር ይቀይራል።

ለምን በዙ?

ምክንያቱ ሕግና ቀረጥ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። በ2014 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ መኪኖችን ከኤክሳይስ፣ ከሱር ታክስና ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ አደረገ፤ ተገጣጥመው ለሚገቡት የጉምሩክ ቀረጡ 15 በመቶ ሆነ። ጥር 2016 ላይ ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ ሀገር እንደማይገባ አሳወቀ። የቀረጥ ነገር ስለሚለዋወጥ፣ ራሳችሁ ልታስመጡ ከሆነ የወቅቱን ተመን ጉምሩክ ላይ ጠይቁ።

ሌላ ቀንም አትርሱ፦ ሐምሌ 22 ቀን 2016። የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን የተደረገበት ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ የመኪናዋም የመለዋወጫዋም ዋጋ ከዶላር ጋር አብሮ ይወጣል።

ጥሩ ጎኗ

1. ከማደያ ሰልፍ ትገላግላለች። ቤንዚን ሲጠፋ ሰልፍ ማደር፣ በጀሪካን በእጥፍ ዋጋ መግዛት የለም። ቤታችሁ መብራት ካለ ማደያችሁ ቤታችሁ ነው።

2. ወጪዋ ቀላል ነው። በእኛ መንገድ በ100 ኪሎ ሜትር 18 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ትበላለች ብላችሁ አስሉ። ሐይቅ ደሴ ደርሶ መልስ 60 ኪሎ ሜትር ነው። በወር 25 ቀን ብትመላለሱ 1,500 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በቻርጅ ወቅት የሚባክነውን ጨምሮ ከቆጣሪው 300 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ይወጣል። በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር የምትጠጣ የቤንዚን መኪና ለዚሁ መንገድ 120 ሊትር ትፈልጋለች። 300ውን በመብራት ታሪፋችሁ፣ 120ውን በማደያ ዋጋ አባዙትና ራሳችሁ ፍረዱ። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ፦ የቤት ፍጆታ ሲጨምር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ይላል፤ ታሪፉ ራሱም ከመስከረም 2017 ጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኗል።

3. ሽቅብ አታቃትትም። የቤንዚን ሞተር ቱርቦ ከሌለው በየ1,000 ሜትር ከፍታ 10 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል፤ አየሩ ይሳሳበታላ። ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ስትሆኑ ሲሶው ጉልበት የለም ማለት ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይስብም። የአይዲ 4 150 ኪሎዋት (204 የፈረስ ጉልበት) ጣርማ በርም ላይ፣ ሐይቅ ዳርም ላይ ያው ነው። የአንዳንዶቹ ዝቅተኛ ሞዴሎች ጉልበትና ባትሪ አነስ ያለ ስለሆነ የትኛዋን እንደምትገዙ እዩ።

4. ቁልቁለት ላይ ታተርፋለች። መሪው አጠገብ ያለውን ማርሽ "ቢ" ላይ ስታደርጉት፣ እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው ስታነሱ ሞተሩ ራሱ መኪናዋን እየያዘ ባትሪ ይሞላል። የፍሬን ሸራም ይቆያል።

5. ጋራዥ አታበዛም። ካንዴላ የለ፣ ፍሪሲዮን የለ፣ የሞተር ዘይት የለ።

6. ሰፊ ናት። ከኋላ ከ500 ሊትር በላይ ዕቃ ትይዛለች። የአውሮፓዋ ሞዴል በ2021 በዩሮ ኤንካፕ የግጭት ፈተና አምስት ኮከብ አግኝታለች።

መጥፎ ጎኗ

1. ሶኬቷ። የቻይናዎቹ "ጂቢ/ቲ" የሚባለውን፣ የአውሮፓዎቹ "ሲሲኤስ 2" የሚባለውን ሶኬት ነው የሚጠቀሙት። አንዱ በሌላው አይገባም። ፈጣን ቻርጅ ያለበት ቦታ ደርሳችሁ ሶኬቱ ካልገጠመ እንዳልደረሳችሁ ቁጠሩት።

2. ሆዷ ዝቅ ያለ ነው። ከመሬት የምትነሳው 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከፍ ብላ ብትታይም ላንድክሩዘር አይደለችም። ባትሪው ደግሞ ወለሉ ሥር ነው። አስፋልት ላይ ግሩም ናት፤ ወደ አምባሰል የገጠር ቀበሌዎች በኮረኮንች ለሚወጣ፣ ክረምት ላይ ጭቃ ለሚያቋርጥ ግን የተሠራች አይደለችም። አብዛኞቹ የሚጎተቱት በኋላ እግር ብቻ ነው።

3. ጎማዋ። የፊቱና የኋላው ጎማ ስፋታቸው ይለያያል፤ የፊቱ 235፣ የኋላው 255 ነው። ስለዚህ ከፊት ወደ ኋላ ማቀያየር አይቻልም። ከ19 ኢንች ጀምሮ የሆነውን ቸርኬ የሚመጥን ጎማ ደግሞ የትም ሱቅ አይገኝም። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ስኮርታ አለመኖሩ ነው፤ በምትኩ መጠገኛ ፈሳሽና ትንሽ ኮምፕረሰር ይሰጧችኋል። ሌሊት ሸዋ ሮቢትና አጣዬ መሃል ጎማ ቢቀደድ ፈሳሽ አያድናችሁም።

4. ስክሪኗ። የድምፅና የሙቀት ማስተካከያው በመንካት የሚሠራ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርቶች ላይ ማታ መብራት ስለሌለው በዳሰሳ ነው የሚገኘው፤ አውሮፓም ውስጥ በዚህ በጣም ተተችታለች። የቻይናዋ ሜኑ ደግሞ በቻይንኛ ሊመጣ ይችላል።

5. ባለሙያ። ሀገር ውስጥ ብዙ ጥሩ የመኪና ኤሌትሪሺያን አለ። ይሄ ግን ሌላ ነው። ከባትሪው የሚወጡት ብርቱካናማ ገመዶች ሰው የሚገድል ቮልቴጅ ይዘዋል። ለከፍተኛ ቮልቴጅ ያልሠለጠነ ሰው እንዲነካቸው አትፍቀዱ፤ ርካሽ ስለሆነም አትሞክሩት።

የሐይቅ ሒሳብ

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደርሰናል። ትልቁ ባትሪ ከ75 እስከ 80 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ለጉዞ ይሰጣል። ሻጩ "550 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች" ቢላችሁ አልዋሸም፤ ቁጥሩ ግን የቻይና የላብራቶሪ መለኪያ ነው። በተራራ መንገድ፣ አራት ሰው ከነሻንጣው ጭናችሁ፣ 400 ብላችሁ ብታስቡ ይሻላል።

ቤት ውስጥ፦ ተራ ሶኬት (220 ቮልት፣ 10 አምፔር) በሰዓት 2.2 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል። ለሐይቅ ደሴ ደርሶ መልስ የምታወጡት 11 ኪሎዋት ሰዓት ስለሆነ ስድስት ሰዓት ቢሰካ ይበቃል። ማታ ሰክታችሁ ትተኛላችሁ፣ ጠዋት ሞልቶ ታገኙታላችሁ። ሌሊቱን መብራት ቢጠፋ እንኳ የተረፈው ባትሪ ለቀናት ያመላልሳል። ኮምቦልቻ ድረስ ብትሄዱ ደርሶ መልሱ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ያ ደግሞ 11 ሰዓት አካባቢ መሰካት ይፈልጋል። ባዶ የሆነ ባትሪን ከተራ ሶኬት መሙላት ግን 40 ሰዓት ይወስዳል። የ7 ኪሎዋት ቻርጀር ካስገጠማችሁ ወደ 12 ሰዓት ይወርዳል፤ እሱ 32 አምፔር ስለሚስብ መጀመሪያ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎትን ጠይቃችሁ ቆጣሪውንና ገመዱን አስፈትሹ። ቀጭን ገመድ ይቃጠላል፣ ቤትም ያቃጥላል።

ወደ አዲስ አበባ፦ መንገዱ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ18 ሲባዛ 77 ኪሎዋት ሰዓት፣ ማለትም ሙሉ ባትሪ ይሆናል። ላይ ደግሞ ተራራ አለ። 2.4 ቶን (መኪናዋ ከነተሳፋሪው) 1,000 ሜትር ሽቅብ ለማውጣት 7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ተጨማሪ ይፈልጋል። ከሸዋ ሮቢት እስከ ጣርማ በር ከ1,700 ሜትር በላይ ነው የምትወጡት፤ ለከፍታው ብቻ 12 ኪሎዋት ሰዓት ሄደ። ቁልቁለቱ ከፊሉን ይመልሳል እንጂ ሁሉንም አይመልስም። ስለዚህ ጥቅምት 17 ለእስጢፋኖስ ክብረ በዓል ከአዲስ አበባ ሐይቅ የምትመጡ ሰዎች፣ መንገድ ላይ ቢያንስ አንዴ ሳትቆሙ አትደርሱም። የት እንደምትቆሙ ከመነሳታችሁ በፊት ደውላችሁ አረጋግጡ፦ ቻርጀሩ ይሠራል? ሶኬቱ ይገጥማል? መብራት አለ? መንገዱስ ክፍት ነው?

አንድ የደሴ ምክር እንጨምር። ደሴ ላይ 100 በመቶ ሞልታችሁ ወዲያው ሐረጎን ወደ ኮምቦልቻ አትውረዱ። የሞላ ባትሪ ተጨማሪ አይቀበልም፤ በሞተር መያዙ ይቀንስና ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል። 85 በመቶ ላይ አቁሙት፣ ቁልቁለቱ ጥቂት ይጨምርላችኋል።

ከመግዛታችሁ በፊት

- ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥር መኪናዋ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን እዩ።
- ያገለገለች ከሆነች የባትሪውን ጤና በኮምፒውተር አስለኩ። ደላላው "አዲስ በሉት" ስላለ አትመኑ፤ ቁጥሩን በመቶኛ ጠይቁ።
- ከወለሉ ሥር ገብታችሁ ባትሪው ላይ የተመታ ወይም የተጠጋገነ ቦታ ፈልጉ።
- የዋስትናውን ወረቀት አንብቡ። ዋስትና የሚሰጠው ማነው? እዚህ ሀገር ነው ወይስ ቻይና? ድርጅቱ አድራሻ አለው?
- የቻርጅ ገመዱንና አዳፕተሩን በእጃችሁ ተቀበሉ፣ ሰክታችሁም ሞክሩ።
- የበር መክፈቻዎቹ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ስለሆኑ አራቱንም ደጋግማችሁ ክፈቱ።
- ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪ ደህና መሆኗን አስፈትሹ። ትልቁ ባትሪ ሞልቶ እንኳ እሷ ከሞተች መኪናዋ አትነሳም።
- ተስማሚ ስኮርታና ክሪክ ለብቻ ግዙ። ወጪውን ከመኪናዋ ዋጋ ጋር ደምሩት።

ታዲያ ማን ይግዛት?

ቤቱ የራሱ የሆነ፣ መኪናውን ግቢ አስገብቶ የሚሰካ፣ ሥራው ከሐይቅ እስከ ኮምቦልቻ ባለው አስፋልት ላይ የሆነ ሰው ይግዛት፤ አይቆጭም። ወልድያ ደርሶ መልስም 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በአንድ ሙሌት ይበቃዋል።

ኪራይ ቤት የሚኖርና አከራዩ መብራት የሚቆጥርበት፣ በኮረኮንች የሚሠራ፣ ወይም ኑሮው አዲስ አበባና ሐይቅ መሃል የሆነ ሰው ግን ይቆይ። ከከተማ የማይወጣ ደግሞ ለዚህ ሁሉ ባትሪ ለምን ይከፍላል? ከ30 እስከ 45 ኪሎዋት ሰዓት የያዙ ትንንሽ የኤሌክትሪክ መኪኖች አሉ፤ ባነሰ ጊዜ ይሞላሉ፣ ይቀላሉ፣ ዋጋቸውም ይቀንሳል።

ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ኃይሉ ግን የሚጠቅማችሁ እናንተ ግቢ ባለው ሶኬት ሲደርስ ነው። ስለዚህ ኮፈኑ ላይ ያለውን ዓርማ ከማየታችሁ በፊት የቤታችሁን ቆጣሪ እዩ። ቤተሰብ ያዋጣውን ብር ይዞ ወደ ሻጭ ሊሄድ የተነሳ ወዳጅ ካላችሁ፣ ቀብድ ሳይከፍል ይህን አንብቡለት።

መልካም መንገድ!