82 ሺህ ሰው በሚይዝ ስታዲየም የሚጫወቱት የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች

አየርላንድ ውስጥ የ12 ዓመት ልጅ የትምህርት ቤቱን ማሊያ ለብሶ በአገሪቱ ትልቁ ስታዲየም የፍጻሜ ጨዋታ ሊጫወት ይችላል። ቀልድ አይደለም። የደብሊን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የጌሊክ እግር ኳስና የኸርሊንግ ፍጻሜዎች የሚካሄዱት 82 ሺህ ሰው በሚይዘው ክሮክ ፓርክ ነው።

ውድድሩን የሚያዘጋጁት መምህራን ናቸው። ማኅበራቸው ኩማን ና ሙንስኮል ይባላል፤ ደብሊን ላይ በ1928 እ.ኤ.አ. ተመሥርቶ በ1971 አገር አቀፍ ሆነ። ልጆቹን የሚያሠለጥኑትም እነሱው ናቸው፣ ከክፍል በኋላ፣ ያለ ክፍያ።

ኸርሊንግ ምንድነው ካላችሁ የእኛን የገና ጨዋታ አስቡት። ልዩነቱ ኳሷ በአየር ላይ እያለችም በዱላ ትመታለች፣ በእጅም ትያዛለች። ጎል 3 ነጥብ ነው፤ ከአግዳሚው በላይ በቋሚዎቹ መሃል ካለፈች ደግሞ 1። የሴቶቹ ካሞጊ ይባላል።

የሚገርመው ትልልቆቹ ኮከቦችም ደሞዝ የላቸውም፤ አብዛኞቹ ሌላ ሥራ አላቸው። ብዙዎቹ ደግሞ መምህራን ናቸው። ስለዚህ እሁድ በቲቪ ሲጫወት ያየኸው ሰው ሰኞ ጠዋት ሒሳብ ሊያስተምርህ ይገባል።