ጉባኤው በአዲስ አበባ፣ ገበያው በናይሮቢ

በሜይ 2012 የዓለም ኢኮኖሚ ፎረም የአፍሪካ ጉባኤውን በአዲስ አበባ አካሄደ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያው ጉባኤ የአሜሪካ መንግሥትና አጋሮቹ የአፍሪካን ጀማሪ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች የሚደግፍ «ላየንስ አፍሪካ» የተሰኘ ጥምረት ይፋ አደረጉ። የጥምረቱ ዋነኛ ሥራ «ዴሞ አፍሪካ» ነበር፤ ከመላው አህጉሪቱ የተመረጡ የኩባንያ መሥራቾች ፈጠራቸውን በባለሀብቶች ፊት የሚያሳዩበት ጉባኤ ማለት ነው። በኦክቶበር ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ተካሄደ። የተካሄደው ግን ጥምረቱ በታወጀበት በአዲስ አበባ ሳይሆን በናይሮቢ ነበር።

በሜይና በኦክቶበር መካከል በአገራችን የሆነውን ማስታወስ ተገቢ ነው። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ጸደቀ (የአዋጁ ቁጥር እንደ እኛ አቆጣጠር ነው)። አዋጁ በኢንተርኔት አማካይነት የስልክ ጥሪ አገልግሎት የሚሰጥ ሰው ከሦስት እስከ ስምንት ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ደነገገ። ባለሥልጣናቱ በስካይፕ ከዘመዱ ጋር የሚነጋገር ሰው አይነካም ብለው ነበር፤ እንበል ልክ ነበሩ። ነገር ግን በስልክና በኢንተርኔት መካከል አዲስ አገልግሎት ለመፍጠር የሚያስብ ወጣት መሐንዲስ ያንን አንቀጽ ሲያነብ ምን ይማራል? ለናይሮቢው ወጣት መድረክ ሲዘረጋለት ለአዲስ አበባው የቅጣት አንቀጽ ተጻፈለት።

ለመሆኑ ለምን ናይሮቢ? መልሱ የታወቀ ነው፤ ኬንያ የባሕር በር አላት፣ እንግሊዝኛ ትናገራለች፣ የውጭ ገንዘብ በቀላሉ ይገባታል ይባላል። ሁሉም እውነትነት አለው። እኔ ግን ታሪኩን ወደ ኋላ ስመለከተው ዋናው ምክንያት ሌላ ሆኖ ይታየኛል። በኬንያ ቴሌን መሟገት ይቻል ነበር፤ በኢትዮጵያ አይቻልም ነበር።

በጉባኤ ብዛት ቢሆን ኖሮ ማንም አይቀድመንም። በሜይ 1996 የአፍሪካ ሚኒስትሮች በኢኮኖሚ ኮሚሽኑ ጥላ ሥር አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው «የአፍሪካ የኢንፎርሜሽን ማኅበረሰብ ኢኒሺየቲቭ» የተባለውን ሰነድ ተቀበሉ። በኦክቶበር 1999 የመጀመሪያው የአፍሪካ ልማት ፎረም በዚህችው ከተማ ሲካሄድ ርእሱ ግሎባላይዜሽንና የኢንፎርሜሽን ዘመን ነበር። አህጉሪቱ ስለ ኢንተርኔት መምከር ስትጀምር አዳራሹ የእኛ ነበር ማለት ነው። ከአዳራሹ ውጪ ግን ኢንተርኔት በ1997 መጀመሪያ ላይ የገባው በመንግሥት ቴሌ በኩል ብቻ ነበር፤ ከዚያም በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ ከቴሌ ሌላ በር አልተከፈተም።

ኬንያም ነፃ ሆና አልተወለደችም። እዚያም ቴልኮም ኬንያ የሚባል የመንግሥት ሞኖፖሊ ነበር። በ2000 መጨረሻ የግል ኢንተርኔት አቅራቢዎች ተባብረው በናይሮቢ የመለዋወጫ ማዕከል አቋቋሙ። ዓላማው ግልጽ ነበር፤ ከናይሮቢ ወደ ናይሮቢ የሚላክ መልእክት በሳተላይት ባሕር ማዶ ደርሶ እንዳይመለስ፣ ወጪውም እንዲቀንስ ነው። ቴልኮም ኬንያ መብቴ ተነካ ብሎ ከሰሰ፤ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም ማዕከሉን ዘጋው። አቅራቢዎቹ ግን አልተበተኑም። ማኅበር ነበራቸው፣ ጠበቃ ነበራቸው፣ አቤቱታቸውን የሚያትም ጋዜጣ ነበራቸው። በ2002 ማዕከሉ በሕግ ተከፈተ፤ በ2004 የሞኖፖሊው ዘመን አበቃ። የኬንያ የቴክኖሎጂ ማኅበረሰብ የተወለደው በዚህ ሙግት ውስጥ እንጂ በጉባኤ አዳራሽ ውስጥ አይደለም።

በእኛ በኩል የሆነውን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። የ2005ቱ ምርጫ ባስከተለው ቀውስ ምክንያት በጁን ወር የሞባይል የጽሑፍ መልእክት ተዘጋ። ተከፍቶ ያየነው በሴፕቴምበር 2007፣ በሚሌኒየሙ ዋዜማ ነበር። ሰው ሁሉ «እንኳን አደረሰህ» የሚል አጭር መልእክት ደርሶት እንደ ሕፃን ሲደሰት አስታውሳለሁ። ያን ጊዜ ያላስተዋልኩት አንድ ነገር ነበር። ከዚያ ስድስት ወር ቀደም ብሎ፣ በማርች 2007፣ ሳፋሪኮም ኤም-ፔሳን ጀምሯል። ተራ ስልክ የያዘ ኬንያዊ ገንዘቡን በዚያው በጽሑፍ መልእክት መስመር ለእናቱ ሲልክ፣ በእኛ አገር መስመሩ ራሱ ተዘግቶ ነበር። የኬንያ ማዕከላዊ ባንክ አዲሱን ነገር ከማገድ ይልቅ እየተከታተለ እንዲሠራ ፈቀደ። እኛ ዘንድ የሚፈቀድም የሚከለከልም ነገር አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያለው በፍጥነት የሚነገር ነው። በ2009 የባሕር ውስጥ ገመድ ሞምባሳ ደረሰ፤ በ2010 የወጣት ፈጣሪዎች መሰብሰቢያ የሆነው አይ-ሃብ ተከፈተ፤ በ2012 ዴሞ አፍሪካ መጣ። በጁላይ 2015 ፕሬዚዳንት ኦባማ በናይሮቢ ዓለም አቀፉን የሥራ ፈጣሪዎች ጉባኤ ከፍተው ወደ አዲስ አበባ ተሻገሩ። እንግዳው ከመድረሳቸው ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ከአንድ ዓመት በላይ ታስረው ከነበሩት የዞን ዘጠኝ ጦማሪያንና ጋዜጠኞች አምስቱ ተፈቱ። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ይሏል ይህ ነው። በይነመረብ ላይ በመጻፋቸው የታሰሩትን ወጣቶች ያየ ሰው በይነመረብ ላይ ሀብቱን ለማፍሰስ ይደፍራል?

ያ ዘመን አልፏል የሚል አንባቢ ይኖራል። በከፊል እውነቱን ነው። በ2021 ቴሌብር ተጀመረ፤ በዚያው ዓመት በሳፋሪኮም የሚመራው ኅብረት ፈቃድ አገኘ፤ ኤም-ፔሳም በ2023፣ ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ፣ አዲስ አበባ ገባ። ነገር ግን በኖቬምበር 2022 መጨረሻ የተባበሩት መንግሥታት የኢንተርኔት አስተዳደር ጉባኤ በአዲስ አበባ ሲከፈት፣ በትግራይ ኢንተርኔት ከተቋረጠ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። በአዳራሹ ውስጥ ስለ ማንም ሳይገለል መገናኘት ሲነገር፣ መቀሌ ያለ ሰው ያንን ንግግር መስማት አይችልም ነበር። ኬንያም ብትሆን ከፈተናው ነፃ አይደለችም፤ በጁን 2024 በተቃውሞው መካከል የኢንተርኔት መስመሯ ተስተጓጉሏል። ልዩነቱ እዚያ ጉዳዩ ወዲያው መሟገቻ መሆኑ ነው።

ጉባኤ አልጠላም። ሰው ከሰው ጋር ይገናኛል፤ ሐሳብ ከገንዘብ ጋር ይተዋወቃል። ጉባኤ ግን የተዘራውን ለገበያ ያቀርባል እንጂ አይዘራም። ያልዘራ አገር ከጉባኤ የሚተርፈው ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው። ስለዚህ ወደፊት የጀማሪ ኩባንያዎች ጉባኤ በከተማችን ሲታወጅ፣ ስንት እንግዳ እንደሚመጣ ከመጠየቃችን በፊት አንድ ጥያቄ እናስቀድም፤ መንግሥት ነገ ጠዋት መስመሩን ቢዘጋ፣ ሥራው የቆመበት ወጣት ለማን አቤት ይላል? በማስረጃ የሚሟገትበት፣ የሚፈርድለትም ችሎት አለው?

መልሱ አዎን የሚሆንበት ቀን ገበያው ወደ ጉባኤው ከተማ ይመጣል።

ቸር ይግጠመን።